መልሱ ያልመጣ ሣጥን

አው ሳኒ ማረፉን የሰማሁት እዚህ ድሬዳዋ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ፣ ከአንድ ሬዲዮ ሻጭ ጋር እየተጨቃጨቅኩ ሳለ ነው። መዳፍ የማታህል ሬዲዮ ገዛሁ፤ ሰውዬው እንደ ሽንኩርት ፌስታል ውስጥ ጣላትና አቀበለኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ደሜ ይፈላል፤ ዕድሜም አላበረደኝም።

«አንተ! ካርቶኗ የታለ? ምን ደግፏት ነው ቤቴ የምትደርሰው?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «አቦ እማማ፣ አንቺ ደግሞ እንደ አው ሳኒ ልትሆኚብን ነው?» አለና ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «አልሰማሽም እንዴ? ዛሬ ጠዋት አረፈ እኮ። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው።»

እንባ አልመጣልኝም። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት ነው። ለዚያ ሰው የምነግረው አንድ ነገር ነበረኝ። ዛሬ ነገ ስል አርባ ምናምን ዓመት አለፈ፤ አሁን ደግሞ ሰውዬው ሄደ።

«አው» ሐረሪዎች ታላቅ ሰው ሲያከብሩ የሚሉት ነው። እኛ ድሬዎች አንቱታ ስለማይሆንልን ያቺን ታህል አክብሮት ከነሱ ተውሰን፣ ከዚያ በኋላ «አንተ» እያልን እንቀጥላለን። ጊዜው የጃንሆይ ነው። እሱ አርባ ግድም፣ እኔ ሃያ ሦስት። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ መደብር አብረን እንሠራ ነበር። ባለቤቱ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነው፤ ሬዲዮና ግራሞፎን በጅቡቲ በኩል በባቡር ያስመጣና ለሐረር፣ ለጂጂጋ፣ ለጨርጨር ሰዎች ይልካል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ታይፕ እመታለሁ፣ የሣጥን አድራሻ እጽፋለሁ። አው ሳኒ አሻጊ ነው። አሻጊ ሲባል አፉን የሚያጣምም ሰው አይጠፋም። ያጣምም።

ያኔ ሬዲዮ ኪስ የሚገባ ነገር አይደለም። ቁመናው የሻንጣ ያህል ነው፤ ሆዱ ውስጥ ደግሞ የብርጭቆ አምፖሎች ተሰክተውበታል። አንዷ ከተሰነጠቀች ሬዲዮው ያው እንጨት ነው። አው ሳኒ ዕቃውን ከማሸጉ በፊት መጀመሪያ ያስዘፍነዋል። «ደህና ሆኖ ሲወጣ ጆሮዬ ይስማው» ይላል። ከዚያ አጥፍቶ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። ሙሴ ያኒ በዚያ ፈረንሳይኛው «አሎር፣ ሳኒ! ባቡሩ አንተን አይጠብቅም!» እያለ ሲጮህ እሱ ተቀምጦ ጫቱን ያላምጣል። ሲቀዘቅዝለት ከጀርባው ይከፍትና እያንዳንዷን አምፖል በተሰካችበት በጥጥ ያቅፋታል። ጥጡ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነው የሚመጣው፤ ፍሬ ያለበት ከሆነ ይመልሰዋል። ከዚያ ሬዲዮው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ትንሹ ሣጥን ትልቅ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ በሁለቱ መካከል ዙሪያውን አራት ጣት የማሽላ ገለባ ይጠቀጠቃል። ሰጋቱራ አይወድም። «ሰጋቱራ መንገድ ላይ ይተኛል፤ ሲተኛ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ጠላት ነው» ይል ነበር።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ነበር ትልቁ ነገር። ሣጥኑን ያቅፍና ሦስት ጊዜ ይወዘውዘዋል፤ ቀኝ ጆሮውን ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። እንኳን እኛ፣ ሙሴ ያኒም በዚያች ሰዓት አይተነፍስም። ዝም ካለ ይሄዳል። ትንሽ ኮሽ ካለ ግን፣ «ይሄ ያወራል» ይልና ሚስማሩን ይነቅለዋል። «ሣጥን መንገድ ላይ ማውራት የለበትም፣ አስካለ። ካወራ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ተለያይቷል ማለት ነው።»

አንድ ጊዜ ለጂጂጋ ነጋዴ የሚላክ ሬዲዮ ሦስቴ አስሮ ሦስቴ ፈታ። እኔ ጆሮዬን ለጥፌ ምንም አልሰማሁም። ሙሴ ያኒም አልሰማም፤ ጭራሽ ኮፍያውን መሬት ጣለና በግሪክኛ ሰደበው። አው ሳኒ ግን ሬዲዮውን ገልብጦ በፒንሳ ሲጎረጉር የሩዝ ፍሬ የምታህል ብሎን አወጣ። መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየንና፣ «ይቺ ጂጂጋ እስክትደርስ ስንት አምፖል ትገድል ነበር?» አለ። ሙሴ ያኒ ኮፍያውን አንስቶ አራገፈና ወደ ቢሮው ገባ።

አሁን ስለ እንቁላሉ ልንገራችሁ። የአው ሳኒ እናት ከሐረር ድሬ እንቁላል በአህያ ታወርድ ነበር አሉ፤ ያን የደንገጎን ቁልቁለት፣ በቅርጫት ገለባ ውስጥ። እሱም ከእናቱ ተምሮ በሁለቱ ሣጥኖች መካከል፣ ገለባው ውስጥ፣ አንድ ጥሬ እንቁላል ይቀብራል። ነገሩ ቀላል ነው፤ እንቁላሉ ሳይሰበር ከደረሰ ሬዲዮውም ደህና ነው። ከተሰበረ መንገድ ላይ አንድ ሰው ሣጥኑን ወርውሮታል፤ ሬዲዮው መብራት ሳይነካው ይመለስ።

ስለ እንቁላሉ ለእናቴ ብነግራት አማተበች። «ያልተበላ እንቁላል ሰው ዕቃ ውስጥ መደበቅ? ልጄ፣ ሰዎች ምን ይላሉ? እጅሽን እንዳታስገቢበት» አለችኝ። ደጃፍ ላይ የተቀመጠ እንቁላል ያየ ሰው ምን እንደሚል አገር ያውቀዋል፤ መተት ነው የሚለው። ሙሴ ያኒም ይህን ሰምቶ እንቁላሉን የፈቀደው በአንድ ነገር ነው፤ ወረቀት አብሮ ይገባል። ወረቀቱን የምመታው እኔ ነኝ። «ሬዲዮውን ከመክፈትዎ በፊት ከጀርባው ያለውን ጥጥ በሙሉ ያውጡ፤ አምፖሎቹ ሲግሉ ይቃጠላል። ገለባው ውስጥ ያለው እንቁላል ለምርመራ የተቀመጠ ነው። ተሰብሮ ካገኙት ሳይከፍቱ ይመልሱልን፤ ደህና ከሆነም ያስታውቁን።» ፖስታ ውስጥ አድርጌ ከክዳኑ ሥር አኖረዋለሁ፤ ቅጂውን በካርቦን አስቀርቼ ፋይል አደርጋለሁ። አው ሳኒ ዓረብኛ እንጂ አማርኛ አያነብም፤ ስለዚህ ሚስማሩን ከመምታቱ በፊት ሁልጊዜ ዘወር ብሎ፣ «አስካለ፣ ገብቷል?» ይለኛል። «ገብቷል» እለዋለሁ። ይመታል።

ሣጥኑ ሲሄድ ካሠረበት ሲባጎ ስንዝር ያህል ይቆርጥና ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር ያንጠለጥላል። ከገዢው «እንቁላሉ ደህና ነው» የሚል ቃል ሲመጣ፣ በደብዳቤም ይሁን በባቡር ሠራተኛ አፍ፣ ሲባጎው ይወርዳል። መልስ ካልመጣ አይወርድም። አንዳንድ ቀን ሦስት አራት ይንጠለጠላሉ፤ ያን ቀን አው ሳኒ ቀልድ የለውም።

እንግዲህ ያ ጠዋት። ከዋዜማው ደቻቱ ወንዝ ደራሽ ይዞ መጥቶ ነበር። እኔ ቤቴ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ውኃው እስኪጎድል ዳር ቆሜ ስጠብቅ ቆየሁና ጫማዬን አውልቄ ጭቃውን ተሻገርኩ። መደብሩ ስደርስ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ቡናማ ሆኗል፤ ራሴን አላውቅም።

ባንኮኒው አጠገብ አንድ ሰው ቆሟል። በድሬ ሙቀት ጥቁር ካፖርት ለብሷል፤ ግንባሩ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ላብ የለም። የአንድ የጨርጨር ፊታውራሪ ወኪል ነው። ፊታውራሪው ለቤታቸው የመብራት ሞተር አስተክለው፣ ያለችውን ትልቋን ሬዲዮ አዘዋል።

«ወይዘሮ፣ የፊታውራሪ ባለቤት፣ ነፍሰ ጡር ናቸው» አለ ባለካፖርቱ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ሦስት አርግዘው ሦስቱም አልቆሙላቸውም። አሁን ከአልጋ እንዳይነሱ ተብለዋል። ሬዲዮው ለሳቸው ማጫወቻ ነው። በዛሬው ባቡር መሄድ አለበት።»

አው ሳኒ ሁሉን ጨርሶ ክዳን ብቻ ቀርቶታል። ወረቀቱ ግን የለም፤ እኔ አርፍጃለሁ። ተቀምጬ መምታት ጀመርኩ። የታይፑ ሪባን ተጣመመ። አስተካክዬ እንደገና ስጀምር «ፊታውራሪ» የሚለውን ስቼ ስማቸውን ባዶውን መታሁት። ቀድጄ ጣልኩት። ባለካፖርቱ ከጀርባዬ ቆሞ ይተነፍሳል። የባቡሩ ፊሽካ ተሰማ። ሙሴ ያኒ ከውስጥ «ማዴሞዜል!» ብሎ ጮኸ። ጣቶቼ ቀለም በቀለም ሆኑ። አንድ ቀን ያለ ወረቀት ቢሄድ ምን ይሆናል? አልኩ በልቤ።

አው ሳኒ መዶሻውን አንስቶ ዘወር አለ። «አስካለ፣ ገብቷል?»

«ገብቷል አቦ! ሚስማርህን ምታ!» አልኩት።

መታው። ሦስቴ ወዘወዘው፣ ጆሮውን ለጠፈ። ዝም ብሏል። «በሰላም ግባ» ብሎ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ሣጥኑን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሸኘው። ሲባጎውን ቆርጦ አንጠለጠለ።

በሁለተኛው ቀን፣ «አሁን ከሚኤሶ ጣቢያ በበቅሎ ወጥቷል» አለ። በአራተኛው ቀን፣ «ዛሬ ይደርሳል» አለ። በስድስተኛው ምንም አላለም። ከጣቢያው የሚመጣውን ሁሉ፣ ፍሬን ያዡንም ተሸካሚውንም፣ «ከጨርጨር ቃል አለ?» ይላል። የለም። ሌሎቹ ሲባጎዎች ወረዱ፤ ያቺ ብቻ ቀረች። ማራገቢያው በዞረ ቁጥር ትወዛወዛለች፤ ከታይፔ ቀና ባልኩ ቁጥር አያታለሁ። ቴሌግራም መላክ እችል ነበር። «ጥጡን አውጡ፣ እንቁላሉ ለምርመራ ነው» ብል ያበቃ ነበር። ግን ቴሌግራም ካስላክኩ ሙሴ ያኒ ለምን ይለኛል፤ ውሸቴ ይወጣል። በዚህ ላይ የሠራሁትን ስሙ፤ በዘጠነኛው ቀን ወረቀቱን አሳምሬ መታሁና፣ የዚያን ጠዋት ቀን ጽፌበት፣ ቅጂ አስመስዬ ፋይሉ ውስጥ ሰካሁት። ለማንኛውም ብዬ ነው። ክፋት አልነበረብኝም፤ ፈሪ ነበርኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ባለካፖርቱ ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ ገባ። በእጁ ነጭ መሐረብ ቋጥሯል፤ ጣቱ እንዳይነካው ይመስል በጫፍ በጫፉ ነው የያዘው። ባንኮኒው ላይ አኖረና በእርሳስ ፈታው። እንቁላሉ ነው። ሙሉ ነው፤ ጭረት እንኳ የለበትም።

አው ሳኒ ከጓዳ ወጣና አየው። ያን ፊቱን አልረሳውም፤ ሰውዬው በራ። «ማሻአላህ! አልተሰበረችም! ጨርጨር ደርሳ ተመለሰች!» አለና ሲባጎውን ሊያወርድ እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ።

ባለካፖርቱ ባንኮኒውን ዞሮ በጥፊ መታው። ቀኝ ጆሮውን። ድምፁ ጣውላ የወደቀ ያህል ነው። አው ሳኒ በአንድ ጉልበቱ ወደቀ፤ ሲባጎው ሳይወርድ ቀረ።

«ሰማችሁ አይደል? በአፉ አመነ!» አለ ባለካፖርቱ ለፖሊሶቹ።

«ምን አደረግኩ?» አለ አው ሳኒ ጆሮውን ይዞ።

«ሬዲዮው ሲከፈት ዘፈን አላወጣም፤ ጭስ ነው ያወጣው! ወይዘሮ ከአልጋ ዘለው ሲነሱ ወደቁ። የሞተ ልጅ ወለዱ፤ አራተኛ! ገለባውን ልናቃጥል ስንበትን ይሄን መተትህን አገኘን!»

ሙሴ ያኒ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አው ሳኒ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ያ አላህ! ወይዘሮዋ ተርፋለች?» ብሎ ጠየቀ መጀመሪያ። ይኼንን ነው የጠየቀው። ከዚያ፣ «ጥጡን አላወጣችሁትም እንዴ? ወረቀቱ ላይ አለ እኮ» አለ።

«ምን ወረቀት? ወረቀት የለም!»

አው ሳኒ ዞሮ አየኝ። ልክ ሚስማር ከመምታቱ በፊት እንደሚያየኝ። ሙሴ ያኒም አየኝ፣ ፖሊሶቹም አዩኝ። ባለካፖርቱ ገና እጁን አላወረደም። «አልገባም፣ እኔ ነኝ» ማለት ሦስት ቃል ነው። አላልኩም። «እኔ… ጽፌያለሁ» አልኩ።

አው ሳኒ አንገቱን ነቀነቀ። «እንግዲያው እኔ ሳሽግ ረስቼው ይሆናል» አለ።

ወሰዱት። ሲወጣ ዞሮ ለሙሴ ያኒ፣ «ለሐረር የሚሄደውን ማንም እንዳይነካው፣ ገና አልቀዘቀዘም» አለው።

ጉዳዩ የታየው ጨርጨር ነው፤ ፊታውራሪው አገር። ሙሴ ያኒ ጮሌ ነጋዴ ቢሆንም ሰው አልጣለም፤ ፋይሉን በሙሉ ይዞ ሄደ። እንቁላሉ የመደብሩ ልማድ እንጂ መተት እንዳልሆነ በቅጂዎቹ ሊያስረዳ ነው። ሲሄድ ላስቆመው ነበር፤ ፋይሉን ግን ራሴ አሥሬ አቀበልኩት። ዳኛው ቅጂዎቹን አንድ በአንድ አገላበጡ አሉ። በመጨረሻ የእኔን አገኙ፤ ያቺን በዘጠነኛው ቀን የሰካኋትን። «ወረቀቱ ተጽፎ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ግን አልተገኘም። ሣጥኑን የዘጋው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። የዘጋው አው ሳኒ ነው። እንግዲያው ሆን ብሎ አስቀርቶታል፣ ተባለ። ቅጂዋ ባትኖር ኖሮ የጸሐፊዋ ስህተት ነው ተብሎ ሊለቀቅ ይችል ነበር። ሙሴ ያኒ ተመልሶ ይህን ሲነግረኝ ወደ ታይፔ ዞሬ የጀመርኩትን መምታት ቀጠልኩ።

ሚስቱ ፈጡም አንድ ቀን ነፊሳ የምትባል ትንሽ ልጇን አዝላ መደብሩ መጣች። «አስካለ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሳኒ የሰው ልጅ ይጎዳል?» አለችኝ። «ወላሂ አይጎዳም» አልኳት፤ እኔ ክርስቲያኗ። አብረን አለቀስን። የኔ ልቅሶ ምን እንደሆነ እሷ አላወቀችም። ያን ሰሞን እውነቱን ጽፌ ለዳኛው ልልክ ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ፤ ስንት ጊዜ ቀደድኩት። ሐሰተኛ ቅጂ መሥራት ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ፤ ባለካፖርቱም ደጃፌ ድረስ ሲመጣ ይታየኛል። በቀን ሦስት ጊዜ ሲባጎዋን እያየሁ ሥራዬን ሠራሁ። እኔም ሰው ተብዬ!

አሥራ ሦስት ወር ታሰረ። የተፈታው በእኔ አይደለም፤ ወይዘሮዋ በዓመቱ ሴት ልጅ ወልዳ ልጅቷ ቆመችላት፤ ፊታውራሪውም በደስታ ማሩት። እንግዲህ ያ ቤት ሲደሰት ሰው ይፈታል፣ ሲያዝን ሰው ይታሰራል። አው ሳኒ ጢሙ ነጭ ሆኖ፣ ትከሻው ጠብቦ መጣ። ሙሴ ያኒ መዶሻውን አቀበለው። አው ሳኒ መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ሄደ። ሲባጎዋን ማንም አልነካትም ነበር፤ አቧራ ጠጥታለች። አወረዳትና ኪሱ ከተታት። አለቀ ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ። ይቅር ብሎኛል ወይም አላወቀም፤ ሁለቱም ይበቃኝ ነበር።

በማግስቱ ሬዲዮ አሸገ። ሦስቴ ወዘወዘው፣ ቀኝ ጆሮውን ለጠፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ። ግራውን ለጠፈ። ተመልሶ ቀኙን ለጠፈ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ጥፊው ጆሮውን ወስዶታል፣ ግራውም ደህና አልነበረም።

«አስካለ፣ እስቲ ነይ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ያወራል?»

ጆሮዬን ለጠፍኩ። እሱ ወዘወዘው። «ዝም ብሏል» አልኩት።

«እውነት?»

«እውነት።»

ሣጥኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ሸኘው። ከዚያ በኋላ እንቁላል አስገብቶ አያውቅም። እኔ ግን ሙሴ ያኒ መደብሩን ዘግቶ አገር ለቆ እስኪሄድ ድረስ ለዓመታት ጆሮው ሆንኩ። ሣጥን ባሸገ ቁጥር፣ «ያወራል?» ይለኛል፤ መልሼ እነግረዋለሁ፤ «እውነት?» ይላል፤ «እውነት» እላለሁ። በአንድም ሣጥን አልዋሸሁትም። አንዳንዴ «እውነት?» ካለኝ በኋላ ትንሽ ይቆያል፤ ሣጥኑን ሳይለቅ ያየኛል። ሌላ ነገር እንድል የሚጠብቅ ይመስለኛል። እኔም ዓይኔን ወደ ታይፔ እመልሳለሁ።

ዛሬ ከታይዋን ገበያ በቀጥታ መጋላ ሰፈር፣ አው ሳኒ ቤት ሄድኩ። ወንዶቹ ለቀብር ወጥተዋል፤ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነፊሳ፣ ያኔ እናቷ አዝላ ያመጣቻት፣ አሁን ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። አቀፈችኝና ከአባቷ መኝታ አጠገብ አስቀመጠችኝ። ስቀመጥ ፌስታሉ ውስጥ ያለችው ሬዲዮ ተንኳኳች፤ ቶሎ በእጄ ያዝኳት። ቀና ስል ከአልጋው ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ ሚስማር አየሁ። ሚስማሩ ላይ ስንዝር የምታህል ሲባጎ ተንጠልጥላለች፤ ከመጥቆሯ የተነሣ ክር አትመስልም።

ነፊሳ ዓይኔን ተከትላ አየች። «እሷን ማንም እንዲነካት አይፈልግም ነበር» አለች። «ቤት ስናስቀባ እንኳ ራሱ አውርዶ ራሱ ይሰቅላታል። ምንድን ናት ስንለው፣ መልሱ ያልመጣ አንድ ሣጥን አለ፣ ይለናል።»

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። እዚያው፣ ሴቶቹ እየሰሙ፣ ነገርኳት። ያን ጠዋት ወረቀቱን እንዳላስገባሁት፣ ገብቷል እንዳልኩት፣ ቅጂዋን ራሴ እንደሠራኋት፣ አንዱንም አላስቀረሁም።

ነፊሳ አልጮኸችም። «አባቴ ያውቅ ነበር» አለች። «እናቴ ያን እስር እያነሣች ስትቆጣ፣ ተያት፣ መንገድ ላይ ናት፣ ትደርሳለች፣ ይላት ነበር። ማንን እንደሚል አላውቅም ነበር።»

ተነሥታ ሲባጎዋን ከሚስማሩ አወረደችና መዳፌ ላይ አኖረቻት።

«አረፈድሽ» አለችኝ።

አሁን ቤቴ ነኝ። ሲባጎዋን ከአልጋዬ በላይ ሰቅያታለሁ። መልስ የሚሰጠኝን ሰው ግን ዛሬ ከዙህር በኋላ ቀብረውታል።